ዓይን የሚገዛው ጀርባ፣ ጆሮ የሚሰማው ፊት

በእጅ የሚሠራ ጊታር፣ የጥለታም እንጨት ውበትና ደን የሚከፍለው ዋጋ

በእጅ የተሠራ ውድ ጊታር ለሽያጭ ሲቀርብ ሻጭ አስቀድሞ ማሳየት የሚወደው ጀርባውን ነው። መሣሪያውን ገልብጦ በብርሃን ፊት ዘንበል ቀና ሲያደርገው እንጨቱ እንደ ነበልባል ይርገበገባል፤ ነፋስ እንደ ነካው ውኃም ይሞገዳል። ገዥ በዚህ ውበት ይማረካል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ውበት መጠን ከፍ ይላል። ይሁን እንጂ ጊታሩ በተጫዋች እጅ ሲደረደር ድምፁን በዋነኛነት የሚያወጣው ያ ያማረ ጀርባ አይደለም። ድምፁን የሚያወጣው በፊት በኩል የተለጠፈው፣ ነጣ ያለ፣ እምብዛም ጥለት የማይታይበትና ውፍረቱ ከሦስት ሚሊ ሜትር የማይዘል ስስ ሳንቃ ነው።

በዓይንና በጆሮ መካከል ያለው ይህ ልዩነት የጊታር ሠሪዎች የቆየ ጭውውት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ዛሬ በሐሩር አካባቢ ደኖች ዕጣ ላይ፣ በጉምሩክ ሕግና በገዥ ኪስ ላይ የሚወስን ጉዳይ ሆኗል። ይህ ጽሑፍ ጊታር በእጅ እንዴት እንደሚሠራ፣ ጥለታም እንጨት ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ፣ ለውበቱም ማን ምን እንደሚከፍል ይመለከታል። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዑድ ጋር የሚጋራው ሥርዓት

የዚህ አካባቢ ነዋሪ ከጊታር ይልቅ ዑድን ያውቃል። ዑድ በዐረብኛ እንጨት ማለት ነው፤ አል-ዑድ የሚለው ስም በአንዳሉስ በኩል ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ሉት ለተባለው መሣሪያ መጠሪያ ሆኗል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከባግዳድ ወጥቶ ቁርጡባ የገባው ዚርያብ ለዑድ አምስተኛ አውታር እንደ ጨመረለት በታሪክ ይነገራል። የጊታር ስም ደግሞ ከጥንቱ የግሪክ ኪታራ የመጣ ሲሆን በዐረብኛ ቂሣራ፣ በስፔንኛም ጊታራ ይባላል። ጊታር የዑድ ቀጥተኛ ልጅ ነው ለማለት አይቻልም። የዑድ ጀርባ እንደ ግማሽ ዕንቁ የተሞላ ነው፤ የጊታር ጀርባ ጠፍጣፋ ነው ለማለት ይቻላል። የዑድ አንገት አጭርና ልሙጥ ሲሆን የጊታር አንገት ግን ፍሬት በሚባሉ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች የተከፋፈለ ነው።

ሁለቱ መሣሪያዎች የሚጋሩት ግን አንድ መሠረታዊ ሥርዓት አለ። የዑድ ሠሪ ለጀርባው ዋልነትን የመሰለ ጠንካራ እንጨት በስስ ቁራጭ እየሰነጠቀ፣ በእሳት እያጎበጠ፣ ቁራጩን ከቁራጭ እያጋጠመ ያለብሳል፤ ለፊቱ ግን ቀላልና ቀጥ ያለ የስፕሩስ ሳንቃ ይመርጣል። የዑድ ሥራና አጨዋወት በኢራንና በሶሪያ ስም በ2022 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር ከተጫዋቹ እኩል የሠሪው እጅ መታሰቡም ስለዚህ ተገቢ ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ ከአገር ቤት መሣሪያዎች ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ይገለጣል። በክራር፣ በማሲንቆና በበገና ገበቴው ከእንጨት ቢሠራም አውታሩ የሚነዝረው በገበቴው ላይ የተወጠረውን ቆዳ ነው። ቆዳው መሣሪያውን ይናገራል፤ ገበቴው ይሸከመዋል። በጊታርና በዑድ የቆዳውን ቦታ የሚይዘው ስሱ የፊት ሳንቃ ነው። አውታር ቀጭን ስለሆነ ብቻውን አየርን ለመግፋት አቅም የለውም። ንዝረቱ በበርኩማው በኩል ወደ ሳንቃው ሲሻገር ግን ሰፊው ሳንቃ ከፍ ዝቅ እያለ አየሩን ይገፋል፤ በገበቴው ውስጥ ያለው አየርም በክብ ቀዳዳው በኩል ሲተነፍስ ለወፍራሞቹ ድምፆች ጉልበት ይሰጣል።

የፊቱ ሳንቃ ምርጫ

ጥንቁቅ ጊታር ሠሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጨነቀው ለዚህ ሳንቃ ነው። በብዛት የሚመረጠው የፈረንጅ ጥድ ዘመድ የሆነው ስፕሩስ ነው፤ ከአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ወይም ሲትካ የተባለው ዓይነት ከአላስካና ከምዕራብ ካናዳ ጠረፍ ይመጣል። ስፕሩስ የሚወደደው ክብደቱ አነስተኛ ሆኖ ሳለ በቃጫው አቅጣጫ ሲታጠፍ እጅግ የሚቋቋም በመሆኑ ነው። ቀላል ስለሆነ በትንሽ ኃይል ይነዝራል፤ ጠንካራ ስለሆነ የአውታሮቹን ጉተታ ይችላል።

ግንዱ የሚሰነጠቀው ከመሐሉ ወደ ልጡ በሚሄድ አቅጣጫ ነው። እንዲህ ሲሆን የዕድገት ቀለበቶቹ በሳንቃው ገጽ ላይ ቀጥ ብለው ቆመው እንደ ተሰመረ ደብተር ይታያሉ። ከዚያም ጎን ለጎን የነበሩ ሁለት ሳንቃዎች እንደ መጽሐፍ ገጽ ተገልጠው በመሐል ይጋጠማሉ፤ የአንዱ መስመር የሌላው መልክ በመስተዋት እንደ ታየ ይሆናል። እንጨቱ ከመሠራቱ በፊት ለዓመታት በጥላ ሥር በዝግታ መድረቅ ይኖርበታል። ባለሙያው ሳንቃውን በሁለት ጣቶቹ ጠርዙ አካባቢ አንጠልጥሎ በሌላ እጁ ጣት ያንኳኳዋል። ደንዘዝ ብሎ ቶሎ የሚሞት ድምፅ ከሰማ ወደ ጎን ያኖረዋል፤ እንደ ደወል የሚያስተጋባ ከሆነ ይይዘዋል።

በዚህ ምርጫ ውስጥ ጥለት ዋጋ የለውም። እንዲያውም በቃጫው ውስጥ ያለ ጉልህ ሞገድ ሳንቃው በርዝመቱ ያለውን ጥንካሬ ስለሚቀንስበት ሠሪው የሚሻው ቃጫው ቀጥ ያለውን ነው። ለዓይን ውበት የሚሰጠው ጠባይ ለፊት ሳንቃ ተግባር ድካም ይሆንበታል ማለት ነው። ስለዚህ የሥራ ክፍፍሉ ከተፈጥሮ የመጣ ነው፤ ቀጥ ያለው እንጨት ወደ ፊት፣ ጥለታሙ ወደ ጀርባና ወደ ጎን ይሄዳል።

ጥለት ከየት ይመጣል?

በአብዛኞቹ ዛፎች ውስጥ ቃጫዎች ከሥር ወደ ጫፍ ቀጥ ብለው ያድጋሉ። በአንዳንድ ዛፎች ግን ቃጫው እንደ ሞገድ እየተጣጠፈ ይወጣል። እንዲህ ያለው እንጨት ተሰንጥቆ ሲለሰልስ በገጹ ላይ የቃጫው ጎንና የቃጫው ጫፍ እየተፈራረቁ ይታያሉ። ጎኑ ብርሃንን ያንጸባርቃል፤ ጫፉ ይውጠዋል። ሳንቃው ሲዘነበል ብሩሁ ጨለማ፣ ጨለማው ብሩህ ይሆናል። የሐር ጨርቅ በእጅ ሲንቀሳቀስ እንደሚያብረቀርቅ ሁሉ እንጨቱም ሕይወት ያለው ይመስላል።

ጥለቱ ብዙ ዓይነት ነው። በቫዮሊን ጀርባ ላይ የሚታየው ሰንበር መሳይ ጥለት፣ እንደ ተሰፋ ለሐፍ ያበጠ የሚመስለው፣ እንደ ወፍ ዓይን በትንንሽ ክቦች የተነጠበው ሁሉም በሜፕል ዛፍ ላይ ይገኛሉ። በሃዋይ ደሴቶች ብቻ በተፈጥሮ የሚበቅለው ኮዋ፣ እንዲሁም ዋልነትና ማሆጋኒ አልፎ አልፎ ይህንኑ ጸጋ ይዘው ይወጣሉ። በደኑ ውስጥ ካሉት ግንዶች ጥቂቶቹ ብቻ ጥለታም ስለሚሆኑ ዋጋቸው ከወንድሞቻቸው እጅግ ይርቃል።

በጊታር ሠሪዎች ዘንድ እንደ ተረት የሚነገርለት አንድ ዛፍ አለ። በ1960ዎቹ በቤሊዝ ጫካ ውስጥ የተቆረጠ ግዙፍ ማሆጋኒ ሲሆን ሲወድቅ ገደል ገብቶ ቆራጮቹ ሊያወጡት ስላልቻሉ ጥለውት ሄዱ። በ1980ዎቹ ከወደቀበት ሲወጣ እንጨቱ በሙሉ እንደ ኤሊ ልብስ የተቆራረጠ ጥልቅ ጥለት ያለው ሆኖ ተገኘ። በሙያው ሰዎች ዘንድ ስሙ በአጭሩ «ዛፉ» ነው። ከዚህ አንድ ግንድ የተሰነጠቁ ሳንቃዎች ዛሬም በጥቂት በጥቂቱ እየተሸጡ ለጊታር ጀርባ ይውላሉ፤ ዋጋቸውም ተራ ጊታር ሙሉ በሙሉ ከሚሸጥበት በላይ ነው።

በመላጊያና በእሳት መካከል

ጥለታም እንጨት ለሠሪው ቀላል ሥራ አይደለም። መላጊያ በቀጥተኛ ቃጫ ላይ ሲሄድ እንደ ወረቀት የሳሳ ልጥ ያወጣል። ቃጫው ወጣ ገባ በሚልበት ሳንቃ ላይ ግን ስለቱ በአንዱ ሞገድ ላይ እየላገ በሚቀጥለው ላይ ሥጋውን ነቅሎ ይሄዳል፤ የተነቀለውም ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ባለሙያው መላጊያውን ትቶ ጠርዙ የተሳለ ስስ የብረት ሰሌዳ በሁለት እጁ ይዞ ገጹን በትዕግሥት ይፍቃል። ጀርባውና ጎኖቹ በመጨረሻ ውፍረታቸው ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጥቂት ደቂቃ ያለ ልክ መፋቅ በወራት ደመወዝ የተገዛ ሳንቃን ከጥቅም ውጭ ያደርጋል።

ከዚህ የሚከብደው ጎኖቹን ማጉበጥ ነው። ስሱ ሳንቃ በውኃ ይረጥብና በጋለ የብረት ቧንቧ ላይ እየተጫነ የጊታሩን ትከሻ፣ ወገብና ዳሌ ቅርጽ እንዲይዝ ይደረጋል። ሙቀቱ በቃጫዎቹ መካከል ያለውን ማጣበቂያ መሳይ ንጥረ ነገር ያለዝበዋል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በአዲሱ ቅርጽ ይረጋል። ቀጥ ያለ ቃጫ እንዲህ ሲደረግ ይታዘዛል። ጥለታሙ ግን ቃጫው በየሞገዱ ስለሚቆራረጥ ወገቡ ላይ ሲደርስ ሊሰበር ይችላል። ሠሪው በዚህ ጊዜ የሚመራው በሰዓት ሳይሆን በመዳፉ ነው፤ እንጨቱ «እሺ» የሚልበትን ቅጽበት በጣቱ ይጠብቃል።

የፊቱ ሳንቃ ሥራ ደግሞ የሒሳብና የጆሮ ሥራ ነው። ሳንቃው ብቻውን ቢተው የአውታሮቹ ጉተታ በጊዜ ብዛት ያጎብጠዋል፤ የብረት አውታር ያለው ጊታር በአንድነት ከ70 ኪሎ ግራም በላይ በሚሆን ኃይል ይጎተታልና። ስለዚህ ከውስጥ በኩል ቀጫጭን የስፕሩስ ማገሮች ይለጠፉለታል። ማገሮቹ ቢበዙና ቢወፍሩ ሳንቃው ድዳ ይሆናል፤ ቢያንሱ ደግሞ ይሰምጣል። የናይለን አውታር ባለው የስፔን ጊታር ማገሮቹ እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ይቀመጣሉ። የብረት አውታር ባለው ጊታር ግን በመስቀለኛ ይተላለፋሉ፤ ይህን ስልት በ1833 ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደው ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን በ1840ዎቹ በሥራው አስፋፍቶታል። ሠሪው እያንዳንዱን ማገር በመሮ ጥቂት ጥቂት እየቀነሰ፣ እያንኳኳ፣ እያዳመጠ ይሄዳል። በዚህ ቦታ የሚወገድ የአንድ ቁንጥር ያህል እንጨት በጀርባው ላይ ካለው ጥለት ሁሉ ይልቅ የጊታሩን ድምፅ ይለውጣል።

አንገቱ ላይ ፍሬቶቹ የሚቀመጡበት ልክ ለግምት አይተውም። የአውታሩ ርዝመት ለ17.817 ይካፈላል፤ የተገኘው የመጀመሪያው ፍሬት ከአንገቱ ጫፍ ያለው ርቀት ነው። 650 ሚሊ ሜትር ለሆነ አውታር ይህ 36.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። የቀረው ርዝመት እንደገና ለዚያው ቁጥር ይካፈላል፤ እንዲህ እየተባለ ሲሄድ 12ኛው ፍሬት በአውታሩ አጋማሽ ላይ በትክክል ይወድቃል። የአውታርን ርዝመት በሒሳብ መክፈል በዚህ ምድር የቆየ ዕውቀት ነው። በ950 በደማስቆ ያረፈው ፈላስፋ አል-ፋራቢ በታላቁ የሙዚቃ መጽሐፉ በዑድ አንገት ላይ የጣቶችን ቦታ በንጽጽር ቀመር አስልቷል።

የወረቀቱ ጊታር

ጀርባው ወይስ ፊቱ የሚለውን ክርክር በተግባር ለመፍታት የደፈረው ሰው የአንዳሉስ ልጅ ነበር። አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ በ1817 በአልሜሪያ አጠገብ ተወለደ፤ በሴቪያም ሠርቷል፤ በ1892 አረፈ። ዛሬ ክላሲካል የሚባለው ጊታር መጠኑንና ቅርጹን፣ በውስጡም እንደ ማራገቢያ የተዘረጉትን ማገሮች በአሁኑ መልካቸው ያገኘው በዋነኛነት ከዚህ ሰው እጅ ነው።

ቶሬስ በ1862 አንድ እንግዳ ጊታር ሠራ። ፊቱን እንደ ወትሮው በተመረጠ ስፕሩስና በጥንቃቄ በተሰናዱ ማገሮች ሠራው። ጀርባውንና ጎኖቹን ግን ከእንጨት ሳይሆን ከተላቆጠ ወረቀት አበጃቸው። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ የጊታር ድምፅ በፊቱ ሳንቃ እንደሚወሰን ማሳየት። ያ ጊታር እስከ ዛሬ በባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ይገኛል። ቶሬስ ጥለታም እንጨት የማያውቅ ወይም የሚንቅ ሰው አልነበረም፤ ለደንበኞቹ ከውብ ሜፕልና ከሮዝዉድ ብዙ መሣሪያዎችን ሠርቷል። ያደረገው ነገር ውበቱን በውበትነቱ፣ ድምፁንም በድምፅነቱ ለይቶ ማስቀመጥ ነው።

ዓይን ሲጋረድ

ከቶሬስ ከ150 ዓመታት በኋላ ጥያቄው በሳይንስ መንገድ ተፈተነ። በእንግሊዝ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአንድ ልምድ ካለው ጊታር ሠሪ ጋር ተባብረው ስድስት የብረት አውታር ጊታሮች አሠሩ። ጊታሮቹ በሁሉም ነገር አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ተደረገ፤ የተለያዩት በጀርባና በጎን እንጨታቸው ብቻ ነበር። አንደኛው ከብራዚል ሮዝዉድ፣ ሌሎቹ ከሕንድ ሮዝዉድ፣ ከማሆጋኒ፣ ከሜፕል፣ ከሳፔሌና ከዋልነት ተሠሩ። በዋጋ ረገድ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ከዚያም 52 ጊታር ተጫዋቾች በደበዘዘ ክፍል ውስጥ የበያጅ ጥቁር መነጽር አድርገው ጊታሮቹን በየተራ እየተጫወቱ እንዲመዝኑ ተጠየቁ። ውጤቱ በ2018 በአሜሪካ የአኩስቲክስ ማኅበር መጽሔት ታተመ። ተጫዋቾቹ ለስድስቱ ጊታሮች የሰጡት ግምት ተቀራራቢ ነበር፤ ዓይናቸው ሲጋረድ አንዱን እንጨት ከሌላው በአስተማማኝ ሁኔታ ሊለዩ አልቻሉም። ውዱ የብራዚል ሮዝዉድ በርካሾቹ ላይ የበላይነት አላሳየም።

ይህ ማለት ጀርባ ምንም ሥራ የለውም ማለት አይደለም። ጀርባና ጎን ፊቱን አጥብቀው መያዝ፣ አየሩን ማጠርና ክብደቱን መሸከም አለባቸው። እንደ ስፖንጅ ንዝረትን የሚውጥ ለስላሳ እንጨት ለዚህ አይበጅም። ነገር ግን ይህን ግዴታ የሚወጡ እንጨቶች ብዙ ናቸው፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ተራና ርካሽ ናቸው። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ የሚከፈለው ለዓይን ነው።

ዛፉ የሚከፍለው

ለዓይን መክፈል በራሱ ነውር የለበትም። ውበት የሰው ልጅ ሁሉ የሚወደው ጸጋ ነው፤ የአናጺም ክብር ነው። ችግሩ የሚጀምረው የዓይን ምርጫ በሩቅ አገር ያለን ደን ሲያራቁት ነው።

የብራዚል ሮዝዉድ ለዚህ ዋነኛው ምስክር ነው። በጥቁርና በቡናማ መስመሮቹ የተወደደው ይህ ዛፍ ከሚበቅልበት የብራዚል የአትላንቲክ ዳርቻ ደን ተመንጥሮ ሊያልቅ ሲቃረብ፣ በ1992 ሳይተስ በተሰኘው ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትና ዕፀዋት ዓለም አቀፍ የንግድ ስምምነት ከፍተኛውን ጥበቃ በሚሰጠው አባሪ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ለንግድ ከአገር ወደ አገር ማዘዋወሩ ተከልክሏል። በ2017 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የሮዝዉድ ወገን በሙሉ በቁጥጥር ሥር ዋለ። በዚያን ጊዜ ጊታሩን ሽጦ ወደ ውጭ የሚልክ ሠሪ ፈቃድ ያስፈልገው ጀመር። ውሎ አድሮ የቁጥጥሩ ዋነኛ ምክንያት የመሣሪያ ሥራ ሳይሆን ለቤት ዕቃ የሚውለው ግዙፍ የእንጨት ንግድ መሆኑ ታይቶ፣ በ2019 ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከዚህ ግዴታ ነፃ ተደረጉ። ይህ ነፃነት ግን የብራዚሉን ሮዝዉድ አይጨምርም።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይነካል። በምዕራብና በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ የሚበቅለው፣ በአማርኛ ዞጲ የሚባለው ጥቁር እንጨት የዚሁ የሮዝዉድ ወገን ነው። ይኸው ዛፍ በምሥራቅ አፍሪካ ተቆርጦ ለክላሪኔትና ለመሰል የትንፋሽ መሣሪያዎች ይውላል። አዝጋሚ ዕድገት ያለው ዛፍ ስለሆነ ዛሬ የተቆረጠውን የሚተካው ከአንድ ሰው ዕድሜ በኋላ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን የካሜሩን ታሪክ ነው። የጊታር አንገት ገጽ የሚሠራበት ኢቦኒ ጥቁረቱ የጠለቀ እንዲሆን ገዥዎች ለዘመናት ሲፈልጉ ኖረዋል። ዛፉ ከውስጥ ጥቁር ይሁን ወይም ቡናማ ሰንበር ይኑረው ከመቆረጡ በፊት አይታወቅም። ስለዚህ ቆራጮች ዛፉን ጥለው ሰንበር ሲያገኙበት በጫካው ውስጥ ትተውት ወደ ሌላ ይሄዱ ነበር። በ2011 የአሜሪካው ቴይለር የጊታር ኩባንያ ከስፔኑ ማዲንተር ጋር ሆኖ በያውንዴ የሚገኝ የኢቦኒ መሰንጠቂያ ሲገዛ ይህን ተመለከተ፤ ሰንበር ያለውንም እንጨት በጊታሮቹ ላይ ለመጠቀም ወሰነ። በኋላም በካሜሩን ኢቦኒ የመትከል ሥራ ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ግብ 15 ሺህ ችግኝ ነበር።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የነገሩን ምፀት ያያል። በሜፕልና በማሆጋኒ ላይ ሰንበር ሲገኝ ዋጋው ይንራል። በኢቦኒ ላይ ያው ሰንበር ሲገኝ ዛፉ እንደ ቆሻሻ ይጣላል። በሁለቱም ቦታ የወሰነው ድምፅ አይደለም፤ የገዥ ዓይን የለመደው ነገር ነው። ልማድ ደግሞ ሊለወጥ ይችላል። ሰንበር ያለው ኢቦኒ ዛሬ በብዙ ጊታሮች ላይ ይታያል፤ ተጫዋችም አልከሰረም።

ለገዥ የሚበጅ ምክር

መሣሪያ ለራሱ ወይም ለልጁ ለመግዛት የሚያስብ አንባቢ፣ ጊታርም ይሁን ዑድ፣ ከዚህ ሁሉ ጥቂት ቁም ነገሮችን ሊይዝ ይችላል።

አንደኛ፣ መሣሪያውን ከማየት በፊት ይስማው። ሌላ ሰው እንዲጫወትለት ጠይቆ ፊቱን ያዙር ወይም ዓይኑን ይጨፍን። ሁለት ሦስት መሣሪያዎችን እንዲህ ካዳመጠ በኋላ ዋጋቸውን ይጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ጥያቄውን ከፊቱ ሳንቃ ይጀምር። ሳንቃው ከአንድ ወጥ እንጨት የተሠራ ነው ወይስ ከተደራረበ ኮምፔንሳቶ? በርካሽ መሣሪያዎች ላይ ጀርባው በስስ ጥለታም ልባጥ ተሸፍኖ ፊቱ ግን ከኮምፔንሳቶ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ለዓይን ከፍሎ ጆሮን የረሳ ነው። በክብ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ቢመለከት የዕድገት መስመሮቹ ከላይ ወደ ታች በውፍረቱ ውስጥ ዘልቀው ከታዩት ሳንቃው ወጥ ነው።

ሦስተኛ፣ የእንጨቱን ስምና ምንጭ ይጠይቅ። ሐቀኛ ሠሪ እንጨቱን ከየት እንዳገኘ ይናገራል፤ ቁጥጥር ያለበት ዓይነት ከሆነም ሰነዱን ያሳያል። ከአገር ወደ አገር ለሚመላለስ ስደተኛ ይህ የጉምሩክ ጣጣን ያስቀራል።

አራተኛ፣ የሚኖርበትን አየር ያስብ። ጊታር ሠሪዎች በሥራ ቤታቸው የአየሩን እርጥበት ከ45 እስከ 50 በመቶ አካባቢ ለማቆየት ይጥራሉ። የሪያድ አየር ከዚህ እጅግ የደረቀ ነው፤ የጂዳና የዱባይ የበጋ አየር ደግሞ እርጥበቱ ከፍ ያለ ቢሆንም ቤት ውስጥ ቀን ከሌት የሚሠራው ማቀዝቀዣ ያደርቀዋል። እንጨት ሲደርቅ በወርዱ ይኮማተራል፤ ስሱ የፊት ሳንቃም ይሰነጠቃል። መሣሪያውን በሣጥኑ ውስጥ ዘግቶ፣ እርጥበት የሚሰጥ አነስተኛ ዕቃ አብሮ ማኖር ከብዙ ጥገና ያድናል። በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሙቀቱ በኮላ የተያያዘውን ሁሉ ያላቅቃል።

የሠሪው አደራ

የእጅ ባለሙያ ከደንበኛው የሚበልጥ ዕውቀት አለው። ደንበኛው የሚያየው ጀርባውን ነው፤ ባለሙያው ግን በገበቴው ውስጥ ተሸፍነው የሚቀሩትን ማገሮች ያውቃል። ማንም የማያያቸውን እነዚያን ማገሮች በጥንቃቄ መጥረብ፣ ለጥለቱም የሚጠይቀውን ተጨማሪ ዋጋ በስሙ ጠርቶ የውበት ዋጋ ነው ብሎ መንገር አደራው ነው። እንዲህ ያለ ሠሪ ከዋልነት፣ ከሜፕል ወይም ከሌላ በቅርቡ ከሚበቅል እንጨት የሠራውን ጊታር ያለ ኀፍረት ለገበያ ያቀርባል። ሥራው የሚመሰክርለት በፊቱ ሳንቃ ላይ ስለሆነ ከሩቅ ደን የመጣ ብርቅ እንጨት እንዲመሰክርለት አይሻም።

ገዥም የራሱ ድርሻ አለው። ጥለቱን የሚወድ በጥለትነቱ ይግዛው፤ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ቢያየውም፣ ለልጆቹ ቢያወርሰውም መብቱ ነው። በድምፅ ስም ግን አይሸጥለት፤ እርሱም በድምፅ ስም አይግዛው። ያልተጠየቀው ዛፍ በቆመበት ይኖራል፤ በተራ እንጨት ጥሩ ጊታር የሚሠራ ወጣት አናጺም ገበያ ያገኛል።